ከአባቴ አውቶሞቢል የተማርሁት

በፍርድ ቤት መዝገብ ሲጽፍና ሲገለብጥ ዕድሜውን የፈጀ ሰው ስለ አውቶሞቢል ብልት ለመናገር ብዕሩን ሲያነሣ ብታዩ እንዳትደነቁ እለምናለሁ። ይህ ገጽ የቤተ ሰብ ገጽ ነው፤ እኔም የምነግራችሁ ነገር ምንም እንኳ በዘይትና በጥላሸት የተነካ ቢሆን፣ ፍጻሜው ስለ እናት፣ ስለ ሚስትና ስለ ልጅ ነው። የሠራሁትንም ስሕተት ሳልሸሽግ የምጽፈው፣ አሮጌ ዕቃን ጠግኖ መጠቀም መልካም መሆኑን የሚያምን ሌላ አባወራ እኔ በወደቅሁበት ጕድጓድ እንዳይወድቅ ብዬ ነው።

ነፍሳቸውን ይማርና አባቴ በ1984 ዓ.ም. ወደ አገሩ ይመለስ ከነበረ ከአንድ የውጭ አገር መምህር አንዲት አነስተኛ አውቶሞቢል ገዙ። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1986 የተሠራች፣ ቀለሟ ነጭ፣ ድምፅዋም ቀጭን ናት። የሠራትን ፋብሪካ ስም አልጠቅስም፤ ከእርጅና የመጣን ጕድለት በሠሪው ላይ መጣል ፍርድ ማጓደል ነውና። አባቴ ሃያ አምስት ዓመት በጥንቃቄ ነዷት፤ በ2009 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ግን በግቢያችን ጥግ በሸራ ተሸፍና ሰባት ዓመት ቆመች። ወንድሞቼ እንድትሸጥ ፈለጉ፤ እናቴ ግን «እርሳቸው የያዙት መሪ ለቆራሌው አይሰጥም» ብለው እንቢ አሉ።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ባስታወቀ ጊዜ፣ በየመንደሩ አሮጌውን አውቶሞቢል የሚያስታውስ ሰው በዛ። እኔም ሸራውን ገለጥሁ። ባለቤቴ ነገሩን ሰምታ፣ «የልጃችን የትምህርት ቤት ክፍያ ሳይከፈል ለዚች ብረት አንዲት ሳንቲም እንዳታወጣ፤ ከዚህ በቀር አልከለክልህም» አለችኝ። ፍርዷ ትክክል ስለ ሆነ ተቀበልሁ፤ ማታ ማታ ከምሠራው የትርጕም ሥራ የማገኘውን ብቻ ለአውቶሞቢሊቱ መደብሁ። አሥራ ሁለት ዓመት የሆናት ልጄም መብራት ያዥ ሆና ረዳቴ ሆነች።

አሁን ነገሩን ለማያውቁ እንዲገባ በአጭሩ ልግለጽ። ተራ የቤንዚን ሞተር ሕፃን የእናቱን ጡት እንደሚጠባ አየርን በራሱ ኃይል እየሳበ ይኖራል። በሚስብበትም ጊዜ በመተንፈሻው ቧንቧ ውስጥ የአየር ጕድለት ይፈጠራል፤ መካኒኮች ቫኪዩም የሚሉት ይህን ነው። ይህም ጕድለት ከንቱ አይደለም፤ በቀጫጭን የላስቲክ ቱቦዎች እየተመራ አያሌ አገልግሎት ይሰጣል። ፍሬን ሲረገጥ የነጂውን እግር ያግዛል፤ የካንዴላው ብልጭታ የሚወጣበትን ቅጽበት ያስተካክላል፤ በካርቡራቶሩም ላይ ልዩ ልዩ በሮችን ይከፍታል፣ ይዘጋል። በየቱቦው ጫፍ እንደ ከበሮ ቆዳ የተወጠረ ስስ ላስቲክ ያለበት የቆርቆሮ ቆብ አለ፤ ጕድለቱ ላስቲኩን በሳበው ጊዜ ከላስቲኩ ጋራ የተያያዘችው ዘንግ ትንቀሳቀሳለች።

ተርቦ ያለው ሞተር ግን እንደ ሕፃን ከመጥባቱም በላይ የቀጥቃጭ ወናፍ ተጨምሮለታል። ነጂው ቤንዚን በሰጠ ጊዜ ከሞተሩ የሚወጣው ጢስ አንዲት ትንሽ መንኰራኵር ያዞራል፤ ከእርሷ ጋራ በአንድ ዘንግ የተያያዘችው ሁለተኛይቱ መንኰራኵር አየርን አፍና ወደ ሞተሩ ትነፋለች። ስለዚህ አሁን ሲስብ የነበረው ቱቦ ወዲያው የሚነፋ ይሆናል። በአንድ በር ገብቶ በዚያው በር የሚወጣ እንግዳ እንደማለት ነው፤ በር ጠባቂው ካልነቃ ቤቱ ይዘረፋል። በር ጠባቂ የምላቸው ትንንሾቹን ቫልቮላዎች ነው።

የተርቦን ብልሐት ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኺ በ1905 በስሙ አስመዝግቦት ነበር። ከቤት አውቶሞቢል ጋራ የተዋወቀው ግን ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ በ1962 በአሜሪካ አገር ኦልድስሞቢል ጄትፋየርና ሼቭሮሌት ኮርቬር ሞንዛ ስፓይደር የተባሉት ሁለቱም በካርቡራቶርና በተርቦ ተሠርተው ለገበያ ወጡ። ጄትፋየር ሞተሩ እንዳይጋልና እሳቱ ያለ ጊዜው እንዳይነሣ ውሃና አልኮል የተቀላቀለበት ጠርሙስ ነበረው፤ አያሌ ባለቤቶች ግን ጠርሙሱን መሙላት እየዘነጉ ተቸገሩ፤ ኋላም ተርቦው እየተነቀለ በተራ ካርቡራቶር የተተካባቸው ብዙዎች ናቸው። በ1981 ኢጣልያዊው ማሴራቲ ቢቱርቦ ሁለት ተርቦ ከአንድ ካርቡራቶር ጋራ አጣምሮ ቀረበ፤ በ1982ም በእንግሊዝ አገር ኤም.ጂ. ሜትሮ ተርቦ ተከተለ። ዳሩ ግን ቤንዚንን በመርፌ አፍ ለክቶ የሚረጨው አዲሱ ሥርዐት እየተስፋፋ ስለ ሄደ፣ የካርቡራቶርና የተርቦ ጋብቻ ዕድሜው አጭር ሆነ። ከዚህ የተነሣ ለእነዚህ ሞተሮች ብቻ የተሠሩት ቆቦች፣ ቱቦዎችና ቫልቮላዎች መሠራታቸው ቀረ። የብረቱ ክፍል ዘመን ይሻገራል፤ ላስቲኩ ግን ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል።

እኔን መጀመሪያ የገጠመኝ ችግር ግን የላስቲክ ሳይሆን የዕውቀት ነበር። የፋብሪካው መጽሐፍ፣ ሞተሩ ያለ ጭነት በዝግታ ሲዞር የቫኪዩም መለኪያው 48 ሴንቲሜትር ባዚቃ ያህል እንዲያሳይ ያዛል። እኔ መለኪያ ተውሼ ብሰካው 29 ብቻ አሳየ። አንድ ወጣት መካኒክ አይቶ፣ «ሞተሩ አልቆለታል፤ ተከፍቶ የፒስቶኑ ቀለበቶች ይለወጡ» አለኝና የዋጋውን ልክ ነገረኝ። ዋጋውን ለባለቤቴ ለመናገር እንኳ ድፍረት አጣሁ።

በዚያች ሌሊት እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ፣ በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተፈጥሮን ትምህርት ያስተማሩን መምህር በጥቍር ሰሌዳ ላይ የሣሉት ሥዕል ትዝ አለኝ። ቶሪቼሊ የተባለው ኢጣልያዊ ሊቅ በ17ኛው ክፍለ ዘመን አንድ ጫፉ የተዘጋ የመስተዋት ቱቦ ባዚቃ ሞልቶ በሳሕን ውስጥ ቢዘቀዝቀው፣ ባዚቃው 76 ሴንቲሜትር ያህል ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ያቆመውም የአየር ክብደት ነው። መምህራችን ይህን ነግረውን ሲያበቁ፣ «ይህ በባሕር ጠረፍ ነው። እኛ ግን በተራራ ላይ ነን፤ በላያችን ያለው አየር ያነሰ ነው» ብለው ነበር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ በዚህም ባዚቃው የሚቆመው 57 ሴንቲሜትር ገደማ ላይ ነው።

ተነሥቼ በወረቀት ላይ አሰላሁ። በባሕር ጠረፍ ከ76 ላይ 48 ቢነሣ 28 ይቀራል። በአዲስ አበባ ከ57 ላይ 29 ቢነሣ የሚቀረው ያው 28 ነው። እንግዲያስ የአባቴ ሞተር ጤነኛ ነው፤ መጽሐፉ የተጻፈው ለቈላ ሰዎች ሆኖ ሳለ በደጋ ሰው ላይ ተፈረደበት። ምስክሩን በአገሩ ልማድ ሳይመረምሩ መፍረድ በችሎት ብቻ ሳይሆን በጋራዥም እንዳለ ያን ጊዜ አየሁ።

ሁለተኛው ችግር የቱቦዎቹ መደባለቅ ነው። ቱቦዎቹ አሥራ አራት ናቸው፤ የእያንዳንዱን መንገድ የሚያሳየው ሥዕል በሞተሩ መክደኛ ሥር ተለጥፎ ነበር፤ ነገር ግን ሙቀትና ዕድሜ አጥፍተውታል። እዚህ ላይ ደግሞ የረዳኝ የቤተ ክህነቱ ትምህርት ነው። በልጅነቴ ብራና ስንጠርዝ የኔታ አሮጌ መጽሐፍ ለዕድሳት ሲመጣ ክሩ ከመፈታቱ በፊት የቅጠሎቹን ቅደም ተከተል በምልክት ያስይዙን ነበር፤ ፊደል የጠፋበትንም ስፍራ ስንገለብጥ «ያላየኸውን ከልብህ አትጨምር» ይሉን ነበር። ይህን ምክር በመዝገብ ቤትም ጠብቄዋለሁ። የተቀደደ ሰነድ ስገለብጥ «እዚህ ላይ ተቀዷል» ብዬ እጽፋለሁ እንጂ የመሰለኝን አልሞላበትም።

ስለዚህ አንድም ቱቦ ሳልነቅል በፊት በየጫፉ በክር ወረቀት አሰርሁ፤ ልጄም ቍጥር ጻፈችበት። ከዚያ በኋላ አንድ በአንድ እያወጣሁ፣ የውስጡን ስፋትና ርዝመቱን እየለካሁ፣ ቤንዚንና ዘይት በሚችል ቱቦ ተካሁት። ከአሮጌዎቹ ቱቦዎች አንዱን ወደ ቆሻሻ ልጥል ስል ልጄ ወደ መብራቱ አቅርባ አየችውና «አባዬ፣ ውስጡ የሆነ ነገር አለ» አለችኝ። የጤፍ ፍሬ የማታሳልፍ ቀዳዳ ያላት ትንሽ የነሐስ ፍሬ ነበረች። ሥራዋ አየሩ በድንገት እንዳይሮጥ መግታት ነው። ብትጣል ኖሮ ሞተሩ ለምን እንደሚያናጥብ ዓመት ሙሉ ብፈልግ አላገኘውም ነበር።

ሦስተኛው ችግር በዲስትሪቢውተሩ ጐን ያለው የቆርቆሮ ቆብ ነው። ተራ መንገድ ላይ ቫኪዩሙ ሲስበው ብልጭታውን ያስቀድማል፤ ተርቦው ሲነፋ ደግሞ ብልጭታውን ያዘገያል። ማዘግየቱ ከቀረ ቤንዚኑ ያለ ጊዜው እየነደደ ፒስቶኑን ይቀጠቅጠዋል። ባፌን ቱቦው ላይ አድርጌ ብስበው አየሩ ያለ ከልካይ መጣ፤ ላስቲኩ ተቀዷል። ምትኩን በመርካቶ፣ በሶማሌ ተራ ሱቅ ለሱቅ ዞሬ አጣሁ፤ በውጭ አገር ያለ ዘመድም ፈልጎ አላገኘም።

ስለዚህ ራሴ ለመሥራት ቈረጥሁ። የቆቡን ከንፈር በቀጭን መፍቻ ጥቂት በጥቂት እየፈለቀቅሁ ከፈትሁት፤ ላስቲኩን አውጥቼ በልኩ ከጎማ ከመነዳሪ ቈረጥሁ፤ በማስቲሽም ለጠፍሁት። ሞተሩ ተነሣ፤ አውቶሞቢሊቱም ከሰባት ዓመት በኋላ ከግቢ ወጣች። እናቴ በደጃፉ ቆመው እልል አሉ። እኔም፣ መሸሸግ አያስፈልግም፣ የተራቀቅሁ መስሎኝ ልቤ ከፍ አለ።

ሦስት ሳምንት አልሞላም፤ ቀጥቀጥ የሚል ድምፅ ከሞተሩ ተሰማ። በወጣትነታቸው ከጣልያኖች ጋራ የሠሩ አንድ አረጋዊ መካኒክ ዘንድ ወሰድኋት። ቆቡን ከፍተው ከመነዳሪውን አወጡት፤ እንደ ራሰ ቂጣ አብጦና ተሸብሽቦ ነበር። «ልጄ፣» አሉኝ፣ «የከመነዳሪ ላስቲክ አየርን አጥብቆ ይይዛል፤ የቤንዚን ትነት ግን ያሳብጠዋል። ላስቲክ ሁሉ አንድ አይደለም።» ቤንዚንን የሚችል፣ በውስጡ ጨርቅ ያለበት ስስ ላስቲክ ከዕቃቸው መካከል ፈልገው ሰጡኝ፤ የቆቡን ከንፈር እንዴት በእኩል እንደሚያጥፉትም አሳዩኝ። በመጨረሻ በትንሽ የእጅ መምጠጫ አየሩን ስበው የመለኪያውን መርፌ ለብዙ ጊዜ ትክ ብለው ተመለከቱ። መርፌው አልወረደም። «እንግዲህ ይህ ተጠገነ ይባላል፤ ሳይፈተን ተጠገነ የሚባል ነገር የለም» አሉኝ። እኔም አመስግኜ ወጣሁ፤ ምክራቸውንም በጆሮዬ እንጂ በልቤ አልያዝሁትም።

አሁን ወደ ጥፋቴ ደረስሁ። በአውቶሞቢል ፍሬን ላይ ሰርቮ የሚባል ትልቅ ክብ ቆርቆሮ አለ። ቫኪዩምን በመጠቀም የነጂውን እግር ኃይል ያበዛል፤ ቤልጅጋዊው አልቤር ደዋንድር ካወጣው ብልሐት የተያያዘ ነው። ከሞተሩ ወደ ሰርቮው በሚሄደው ወፍራም ቱቦ ላይ አየርን በአንድ ወገን ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቮላ አለ። በተራ ሞተር ላይ እንኳ አስፈላጊ ነው፤ ተርቦ ባለበት ግን ዋና ዘበኛ ነው፤ ተርቦው ሲነፋ ግፊቱ ወደ ሰርቮው ገብቶ የተጠራቀመውን ቫኪዩም እንዳያጠፋ የሚከለክል እርሱ ነውና። ይህ ቫልቮላ ከፕላስቲክ ተሠርቶ በወገቡ ተሰንጥቆ አገኘሁት። እኔም ቆቡንና ቱቦዎቹን በራሴ እጅ የጠገንሁ ሰው ነኝና፣ ስንጥቁን አጽድቼ በማጣበቂያ ለጠፍሁት፤ በላዩም ክር ጠምጥሜ ደገምሁበት። ልጄ መብራት ይዛልኝ ነበር። አልፈተንሁትም።

ጥቅምት 21 ቀን 2017 ዓ.ም. እናቴን ወደ እንጦጦ ማርያም ለማድረስ ተነሣን፤ ልጄ ከኋላ ተቀመጠች። ዳገቱን ስንወጣ ተርቦው እየነፋ አውቶሞቢሊቱ እንደ ወጣት በቅሎ ወጣች፤ እናቴም «አባትህ ቢያዩህ» እያሉ ይመርቁኝ ነበር። ተሳልመን፣ ጸበል ጠጥተን፣ መውረድ ጀመርን። በመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ፍሬን ስረግጥ፣ ከፊት እንደ እባብ ፉጨት ያለ ድምፅ ሰማሁ፤ መርገጫውም እንደ ድንጋይ ደደረብኝ። ዳገቱን ስንወጣ ተርቦው የነፋው አየር የለጠፍሁትን ቫልቮላ ከወገቡ ነጥሎት ኖሯል።

ከፊታችን ሦስት ሴቶች እንጨት ተሸክመው፣ ጐንበስ ብለው፣ ጀርባቸውን ሰጥተውን ይወርዱ ነበር። ሸክማቸው የመንገዱን ግማሽ ይዟል። እኔ ባለኝ ኃይል ሁሉ ፍሬኑን ረገጥሁ፤ ማርሹን ወደ ሁለተኛ መለስሁ፤ የእጅ ፍሬኑንም ቀስ እያልሁ ሳብሁ። ሰርቮ የሌለው ፍሬን ጨርሶ አይሞትም፤ ነገር ግን የአንድን ሰው እግር ብቻውን ይጠይቃል፤ እግር ደግሞ በድንጋጤ ጊዜ ይከዳል። ጥሩንባ ነፋሁ። ሴቶቹ ወደ ዳር ሸሹ፤ የአንዲቱ ሸክም ወደቀ። አውቶሞቢሊቱ ካለፈቻቸው በኋላ በባሕር ዛፎቹ ሥር ባለው አፈር ላይ ጐማዋን አስደግፋ ቆመች።

ማንም አልተጐዳም። ወርጄ ያቺን ሴት ሸክሟን አነሣሁላት፤ ይቅርታም ለመንኋት። እርሷ «እግዜር አወጣን» ብላ ሄደች እንጂ አልረገመችኝም፤ ብትረግመኝ ይቀለኝ ነበር። እናቴ ነጠላቸውን በእጃቸው ጨብጠው ዝም ብለው ተቀምጠዋል። ልጄ ግን ከኋላ ሆና በቀጭን ድምፅ፣ «አባዬ፣ ያንን የለጠፍከውን ነው?» አለችኝ።

በፍርድ ቤት ሃያ ዓመት ተቀምጫለሁ፤ ብዙ ምስክር ሰምቻለሁ። እንዲህ ያለ አጭርና ማምለጫ የሌለው ምስክርነት ግን አልሰማሁም። «አዎን፣ ልጄ፤ እርሱ ነው» ብዬ መለስሁላት።

የተከበራችሁ አንባቢዎች፤ ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ቀጥሎ ያለው ነው። በማግስቱ ወደ ሶማሌ ተራ ሄጄ ያንን ቫልቮላ ጠየቅሁ። ባለ ሱቁ ሳይነሣ እጁን ወደ መደርደሪያው ዘርግቶ አዲስ ቫልቮላ ሰጠኝ፤ ያ ዓይነት ቫልቮላ በሌሎች አያሌ አውቶሞቢሎች ላይ ስለሚገባ አልጠፋም ነበር። ዋጋውም ለልጄ ከምገዛው ከአንድ መጽሐፍ አይበልጥም። እንግዲህ ያን ዕቃ የለጠፍሁት ስለ ታጣ አይደለም፤ ስለ ችግርም አይደለም። የጠፋውን ቆብ ለመጠገን ያስፈለገኝ ትዕግሥት፣ ሲሳካልኝ ኵራት ሆነ፤ ኵራቱም ሊገዛ የሚችለውን ሳልጠይቅ እንድለጥፍ አደረገኝ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው ሆነብኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የአውቶሞቢሊቱን ቫኪዩም ዕቃዎች በሦስት ወገን ከፍዬ በደብተር ጻፍኋቸው። በመጀመሪያው ወገን ያሉት ቢበላሹ ሞተሩን ከማስነከስ በቀር ጕዳት የማያደርሱ ናቸው፤ ለምሳሌ በብርድ ጊዜ ለካርቡራቶሩ የሞቀ አየር የምታስገባው በር። እነዚህን ሰው እንደ ችሎታው ቢጠግን ነውር የለውም። በሁለተኛው ወገን ያሉት ቢበላሹ ሞተሩን የሚገድሉ ናቸው፤ የዲስትሪቢውተሩ ቆብና የቤንዚኑን ግፊት የሚቈጣጠረው መሣሪያ ቱቦ ከዚህ ወገን ናቸው። ተርቦው በካርቡራቶሩ ውስጥ አየር በሚነፋበት ሞተር፣ የቤንዚኑ ግፊት ከተነፋው አየር ግፊት መብለጥ አለበት፤ ያ ትንሽ ቱቦ ቢቀደድ ቤንዚኑ ያንሳል፤ ሞተሩ በኃይል ሳለ ቤንዚን ሲጐድለው ደግሞ ፒስቶኑ እስከ መቅለጥ ይደርሳል። እነዚህ ምትክ ቢታጣ ሊጠገኑ ይችላሉ፤ ነገር ግን ቤንዚንን በሚችል ላስቲክና በመለኪያ ተፈትነው ብቻ ነው። በሦስተኛው ወገን ያሉት የሰው ሕይወት የተንጠለጠለባቸው ናቸው፤ የሰርቮው ቫልቮላ፣ ወፍራሙ ቱቦና ሰርቮው ራሱ። እነዚህ አይለጠፉም። አዲስ ይገዛሉ፤ ካልተገኙ በዕውቀቱ የታወቀ ሠራተኛ የሚስማማ ሌላ ይገጥማል፤ ይህም ካልሆነ አውቶሞቢሊቱ ትቆማለች።

በተራራ ላይ ለምንኖር ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ሰርቮው የሚሠራው በውጭ ባለው አየርና በውስጡ ባለው ጕድለት ልዩነት ስለ ሆነ፣ ከፍ ባልን ቍጥር እገዛው ይቀንሳል። በአዲስ አበባ የአየሩ ክብደት በባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ያህል ያነሰ ነው፤ 3,000 ሜትር ገደማ በሆነው በእንጦጦ ደግሞ ከዚያም ይቀንሳል። እንግዲህ በቈላ ጥቂት የሚመስል ጕድለት በደጋ ቍልቍለት ላይ ብዙ ይሆናል።

መፈተኛውም ማንም ሊያደርገው የሚችል ቀላል ነገር ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ፍሬኑ አምስት ስድስት ጊዜ ይረገጥ፤ መርገጫው በደደረ ጊዜ እግር ሳያነሡ ሞተሩ ይነሣ፤ መርገጫው በእግር ሥር ጥቂት ዝቅ ካለ ሰርቮው ይሠራል። ደግሞ ሞተሩ ከጠፋ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ፍሬኑ ይረገጥ፤ የመጀመሪያው ርግጫ ለስላሳ ካልሆነ በር ጠባቂው ተኝቷል ማለት ነው።

ያን ቀን ማታ ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኋት። እርሷም ብዙ አልተናገረችም፤ «ለገንዘቡ ነበር የፈራሁት፤ ለእናንተ መፍራት እንዳለብኝ አላወቅሁም» አለችኝ። ይህን ቃል እስከ ዛሬ በልቤ እየመላለስሁ እኖራለሁ። ቤተ ሰብ በአባወራ እጅ ያለውን ሥራ አይመረምርም፤ አምኖ ይሳፈራል። ስለዚህ የሚሳፈሩት ያልጠየቁትን እርሱ ራሱን ሊጠይቅ ይገባዋል።

እናቴ ከዚያ በኋላ አራት ወር በእግራቸውና በኪራይ መኪና ሄዱ እንጂ በአውቶሞቢሊቱ አልተሳፈሩም፤ እኔም አልለመንኋቸውም። በየካቲት ወር አንድ ማለዳ ግን ነጠላቸውን ለብሰው ወደ ግቢ ወጡና በሯ አጠገብ ቆሙ። እኔ በሩን ልከፍት ስል በእጃቸው ከለከሉኝ፤ ወደ ልጄም ዘወር ብለው፣ «አንቺ ፈትኛት» አሏት።

ልጄ በነጂው ስፍራ ተቀመጠች። ፍሬኑን እየቈጠረች ስድስት ጊዜ ረገጠች፤ እግሯን ሳታነሣም ቍልፉን አዞረች። ሞተሩ ተነሣ። ጥቂት ዝም ብላ እግሯን ካዳመጠች በኋላ ቀና ብላ፣ «ዝቅ ብሏል፣ እማማ» አለች። እናቴም አማትበው ገቡ።